ቁልፍና መስተዋት
ስለ እጅ ስልክና ስለ ፊደላችን የቀረበ ሒስ

ስለ እጅ ስልክ የሚጻፉትን ሒሶች ስናነብ አንድ ነገር ያስገርመናል። ተቺዎቹ ቁልፍ ያለው ስልክ ይሻላል ወይስ መስተዋቱን በጣት የሚነኩት ስልክ ይሻላል ብለው ሲከራከሩ ሚዛናቸው ዘወትር የአውራ ጣት ፍጥነት ነው። በደቂቃ ስንት ቃል ይጻፋል? ከዚያስ ውስጥ ስንቱ ስሕተት ይሆናል? ጥያቄው 26 ፊደል ላለው ሕዝብ ተገቢ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ተባዝተው 231 ለሚሆኑለት፥ ዲቃሎቹም ሲጨመሩ ከዚያ ለሚበልጡለት ሕዝብ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለው፤ ይኸውም መኪናው ፊደሉን እንዳለ ይቀበላል ወይስ ፊደሉ ለመኪናው ሲባል ይቈረጣል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ ነው። አሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፥ መስተዋቱ ለፊደላችን ባለውለታ ነው ብለን እናምናለን፤ ይሁን እንጂ ውለታውን ገና በሙሉ አልተቀበልነውም፤ ስለ ዋጋውም እስካሁን የተነገረው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ለቁልፉ ወገን ፍርድ ሳናጓድል እንናገር። በካናዳ አገር በዋተርሉ ከተማ የነበረው ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ብላክቤሪ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ፥ ሙሉውን የእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት አውራ ጣት እንዲጻፍ አድርጎ በትንንሽ ቁልፎች ደርድሮት ነበር። እያንዳንዱ ቁልፍ ጠርዝ አለው፤ ጣት ሲጫነው ይወርዳል፥ ሲለቀው ይመለሳል። ስለዚህ የለመደ ሰው ዓይኑን ሳይጥልበት ይጽፍበታል፤ ከቦታው የሳተ እንደ ሆነም ዓይን ከማየቱ በፊት ጣት ራሱ ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት መሣሪያውን የነጋዴና የመንግሥት ሰዎች እጅግ ወደዱት። ኩባንያው ለነዚያ ለቀድሞዎቹ ስልኮች ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 ሲያቋርጥ የሚወዷቸው ሰዎች ከልባቸው አዘኑ፤ ኀዘናቸውም ምክንያት ነበረው።

የመስተዋቱን ወገን ክርክር ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያቀረበው ስቲቭ ጆብስ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2007 በሳን ፍራንሲስኮ አይፎንን ሲያስተዋውቅ፥ የብላክቤሪንና የኖኪያን፥ የፓልምንና የሞቶሮላን ስልኮች ሥዕል አሳይቶ በቁልፎቻቸው ላይ ተቸ። የነቀፋው ፍሬ ነገር፥ ቁልፎቹ አንድ ጊዜ በፕላስቲክ ከተተከሉ በኋላ ብትፈልጋቸውም ባትፈልጋቸውም ከዚያ አይነሡም፤ ነገ አዲስ አሳብ ቢመጣልህም ከፋብሪካ በወጣው ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ እንኳ መጨመር አትችልም የሚል ነበር። ሰውዬው ይህን ሲናገር ስለ ግእዝ ፊደል ያሰበ አይመስለንም፤ የመጀመሪያው አይፎንም በአማርኛ ይጻፍበት ዘንድ የተሰናዳ አልነበረም። ቢሆንም የተናገረው ነገር ከእርሱ አገር ሕዝብ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው። የተተከለ ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ እኛ ከእርሱ አስቀድመን አይተነዋልና።

ይህንንም ያየነው በጽሕፈት መኪና ላይ ነው። በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ አንድ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ተቀምጦ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተፈቀደልን እንለማመድበት ነበር። «ሉ»ን ለመጻፍ አስቀድመን «ለ»ን እንመታለን፤ ከዚያም ቅጥሉን በሌላ ቁልፍ እንመታለን። ቅጥሉ አንዳንድ ጊዜ ከፊደሉ እግር ርቆ ይንሳፈፋል፥ አንዳንድ ጊዜም በእግሩ ላይ ይወጣበታል። ከመምህሮቻችን አንዱ አይተው፥ «ይህ ፊደል ሳይሆን በክራንች የሚሄድ ሰው ነው» ብለው እንደ ሣቁ እናስታውሳለን። ነገር ግን ጥፋቱ የመኪናው ሠሪ አልነበረም። የተለመደው የጽሕፈት መኪና ወደ 44 የሚሆኑ ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ ሁሉም 88 ነው። 231 ነገር በ88 ቦታ እንዴት ይቀመጣል? የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያዘጋጁት ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥሉ ከፍለው መፍትሔ ባያገኙለት ኖሮ መሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤያቸውን ሁሉ በእጅ ሲጽፉ በኖሩ ነበር። ስለዚህ እናመሰግናቸዋለን። ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከጠላት ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፊደሉ ይሻሻል፥ ቍጥሩም ይቀነስ የሚሉ ምሁራን ሲነሡ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው የጽሕፈት መኪና ነበር። ይህን ስናስተውል ያስደንቀናል። የሰው እጅ የሠራው ብረት ጠበበ ተብሎ የተፈረደው በብረቱ ላይ ሳይሆን በፊደሉ ላይ ነውና።

የእጅ ስልክ ወደ አገራችን ሲመጣ ጠባብነቱ ባሰ። በአዲስ አበባ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር የስልኮቹ ቁልፎች አሥራ ሁለት ነበሩ። ለእንግሊዝኛ እንኳ ሦስትና አራት ፊደል በአንድ ቁልፍ ላይ ተጭኗል፤ ሰላም የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ለመጻፍ ቁልፎቹን 11 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። በዚሁ ዘዴ ፊደላችን ይደርደር ቢባልስ? በአንድ ቁልፍ ላይ አራት ፊደል ከነቤተ ሰቡ ቢቀመጥ 28 ምልክት ይሆናል፤ የመጨረሻውን ለማግኘት 28 ጊዜ መጫን ነው! ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ስልኮች ፊደላችንን ማሳየት ስለማይችሉ በቦታው ባዶ ሣጥን ይደረድሩ ነበር። በመልእክቱ ርዝመትም ላይ ልዩነት አለ፤ አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ምልክት ሲይዝ፥ በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ይይዛል። (በዚህ በመጨረሻው ብዙ ማማረር አይገባም፤ ሰላም በላቲን አምስት ፊደል ሲሆን በእኛ ሦስት ነውና፥ ጉዳቱ ቍጥሩ እንደሚያስመስለው አይደለም።)

ሕዝቡም ምን አደረገ? አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፈው። ይህ ልማድ እንደ ቀላል ነገር ሲነገር እንሰማለን፤ «ትርጉሙ ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል» ይባላል። አዎን፥ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። የማይታወቅበትን ጊዜ ግን በራሳችን ላይ ከደረሰው እንንገር።

አባታችን ከአንድ ጎረቤት ጋራ በእርሻ ወሰን ተጣልተው በነበሩበት ክረምት፥ ታናሽ ወንድማችን በቁልፍ ስልኩ አንድ አጭር መልእክት በማታ ላከልን። የላቲን ፊደል «ተ»ንና «ጠ»ን በአንድ ምልክት እንደሚጽፍ አንባቢ ያውቃል። መልእክቱም የጎረቤት ልጆች የሚል ሆኖ ከዚያ አንድ ግሥ ብቻ ነበረበት፤ «መጡብን» ተብሎ ይነበባል፥ «መቱብን» ተብሎም ይነበባል። ማንን መቱብን? አባታችንን ይሆን? ስልኩን መልሰን ብንደውል መስመር አልነበረም። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደን ነጋ፤ ከክፍል ጓደኞቻችንም ሁለቱ አብረውን አደሩ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ መስመሩ ሲገኝ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሽማግሎች ልጆቹን ይዘው ለዕርቅ መጥተው ኖሯል፤ በቤት ግን የተጠመቀ ጠላ ስላልነበረ እናታችን ተጨንቀው ነበር። «መጡብን» ማለቱ ስለዚህ ነው። ዛሬ ስንናገረው እንሥቅበታለን። በዚያ ሌሊት ግን «ጠ»ን የሚጽፍ አንድ ቁልፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገብቶናል።

መስተዋቱ እንግዲህ ይህን ሁሉ በምን አሸነፈው? በመስተዋቱ ላይ ያለው ቁልፍ ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ ይለወጣል። 33ቱን ፊደላት ደርድሮ፥ አንዱ ሲነካ ቤተ ሰቦቹን በላይኛው ረድፍ አውጥቶ፥ ከተመረጠ በኋላ ሊሰውራቸው ይችላል። ፋብሪካ ገብቶ ብረት መቅረጽ አያስፈልግም፤ አንድ ፕሮግራም አዋቂ ወጣት በክፍሉ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል፥ ሠርተውትማል። ነገር ግን መስተዋቱን ብቻ ማመስገን ስሕተት ይሆናል። ሥዕሉ ሲነካ ወደ ሌላው ስልክ የሚሄደው ቍጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የዓለም ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚስማሙበት ቍጥር ከሌለው ላኪው የጻፈው ለተቀባዩ ሣጥን ሆኖ ይደርሳል። ይህ ቍጥር ለፊደላችን የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው፤ በዚያን ጊዜ የትግርኛና የሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ፊደላት፥ አኃዞቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ተጨምረው 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ፊደሉ ሳይቈራረጥ በኮምፒዩተር መጻፍ አለበት ብለው ደክመውበታል። መስተዋቱ የመጣው ይህ ድካም ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ ምስጋናው ለእርሱ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሱ እንግባ። መስተዋቱ ፊደሉን ከጠባቡ ብረት ካወጣው በኋላ እኛ ምን ሠራንበት?

በስልኮች ላይ የምናያቸው የአማርኛ አጻጻፎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በላቲን ድምፅ የሚጻፈው ነው፤ የ«ኤል» ቁልፍ ሲነካ «ል» ይወጣል፥ «ኢ» ሲጨመርበት «ለ» ይሆናል፥ «ዩ» ሲጨመርበት «ሉ» ይሆናል። ይህ በኮምፒዩተር ለለመደ ሰው ፈጣን ነው፤ እኛም በአብዛኛው የምንጽፈው በዚሁ ነው። በመርኅ ግን ልናጸድቀው አንችልም። በመስተዋት ላይ ማንኛውንም ሥዕል ለመሣል ነጻነት ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1874 ሬሚንግተን ገበያ ያወጣውን የእንግሊዝኛ መኪና ድርድር መልሶ መሣል ምን ይባላል? ለ«ጠ»ና ለ«ጨ» የላቲኑን ትልቁን ፊደል ለማምጣት ሌላ ቁልፍ መጨመር አለበት፤ የገዛ ድምፆቻችን በገዛ ጽሕፈታችን እንደ እንግዳ ተቈጥረዋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ላቲን ያልተማረ ሰው በዚህ አማርኛ መጻፍ አይችልም። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥረው ደብዳቤ በማለፊያ እጅ ጽሕፈት የሚጽፉ አዛውንት፥ የገዛ ስማቸውን በስልክ ለመጻፍ ከልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ይማሩ ይሆን?

ሁለተኛው አጻጻፍ ፊደሉን ራሱን የሚደረድረው ነው። ይህ በመርኅ ትክክል ነው፤ እነዚያ አዛውንት ያለ መምህር ይጽፉበታል። አሠራሩ ላይ ግን ሁለት ጕድለት እናያለን።

አንደኛው፥ አንዳንዶቹ «ሐ»ንና «ኀ»ን ከ«ሀ» ኋላ፥ «ሠ»ን ከ«ሰ» ኋላ፥ «ዐ»ን ከ«አ» ኋላ ይሸሽጓቸዋል። ጣቱን ጥቂት ጊዜ ያላቆየ ሰው አያገኛቸውም። ቦታ ለማትረፍ መሆኑን እናውቃለን፤ መስተዋቱ ጠባብ ነው፥ አውራ ጣትም ሦስት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ይሸፍናል። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? ከጓደኞቻችን በሚደርሱን መልእክቶች «ዓመት» «አመት» ሆኗል፤ «ሠርግ» «ሰርግ» ሆኗል። እነዚህ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከእኛ መወለድ በፊት የተጀመረ፥ ሊቃውንት በሁለቱም ወገን የተከራከሩበት፥ ገና ያልተፈጸመ ክርክር ነው። እኛ በዚህ ጉዳይ ከየትኛውም ወገን ለመቆም አልተነሣንም። ነገር ግን ምሁራን በጉባኤና በመጽሐፍ ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ቁልፍ ደርዳሪው ማንንም ሳይጠይቅ እየፈጸመው ነው። ይህን ቢያንስ ልናውቀው ይገባል።

ሁለተኛው ጕድለት የሳድስ ነገር ነው። በአማርኛ ከሰባቱ ሥርዐቶች አብዝቶ የሚመጣው ሳድሱ ነው፤ አናባቢ የሌለውንም ድምፅ የምንጽፈው በእርሱ ነውና። ታዲያ አንዳንዶቹ ድርድሮች ፊደሉ አንድ ጊዜ ሲነካ ግእዙን ይሰጣሉ፤ ሳድሱን ለማግኘት ሁለተኛ መንካት ያስፈልጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሀሁ የሚጀመረው በግእዝ ነው። የሚያምር ምክንያት ነው፥ ለጣት ግን አድካሚ ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ሳድስ በአንድ ንክኪ ቢመጣ አምስት ንክኪ ይበቃል፤ ግእዝ ቀዳሚ ከሆነ ግን አሥር ያስፈልጋል። የተገላቢጦሹን ምሳሌ ባናቀርብ አድልዎ ይሆናል፤ «ተማረ» በግእዝ ቀዳሚነት አራት ንክኪ ሲሆን፥ በሳድስ ቀዳሚነት ስድስት ነው። ነገር ግን አንባቢ ከዚህ መጽሔት ማንኛውንም ገጽ ገልጦ ሳድሶቹን ቢቈጥር ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ራሱ ያየዋል። በላቲን ድምፅ የሚጻፈው ሳድሱን በአንድ ንክኪ ስለሚሰጥ ተማሪዎች ወደ እርሱ ያደላሉ ብለን እንገምታለን። ይህ እውነት ከሆነ ሰው ከፊደል ድርድሩ የሸሸው ፊደሉን ንቆ ሳይሆን ጣቱ ስለ ደከመ ነው፤ ይህም በአንድ ቀን ሥራ የሚታረም ነገር ነው።

መስተዋቱ ስሕተት ስለሚያበዛ የእንግሊዝኛዎቹ ስልኮች ቃሉን አስቀድመው እየገመቱ ያርማሉ። የቁልፉን ጠርዝ የተካው ይህ ግምት ነው። በእንግሊዝኛ መልካም ይሠራል፥ የቃሉ መልክ ብዙ አይለዋወጥምና። በአማርኛ ግን መጣ፥ መጣች፥ ሲመጣ፥ እየመጣ፥ ባይመጣም፥ ስለመጣችልን እያለ አንዱ ግሥ መልኩን እጅግ ይለዋውጣል፤ ቃላትን እንደ መዝገብ የሚይዝ መኪና ይህን ሁሉ አይደርስበትም። ስለዚህ የአማርኛ ጸሓፊ ጠርዙንም አጥቷል፥ ምትኩንም በሙሉ አላገኘም። ቁልፍን የሚወዱ ሰዎች ክርክር በእኛ ዘንድ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ዓይነ ስውር ጓደኞቻችንም፥ በአምስት ቍጥር ቁልፍ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት ዳስሰው ስልክ ሲደውሉ ስናይ፥ ለስላሳው መስተዋት ለጣት የሚነግረው ነገር እንደሌለ እንረዳለን።

ስለ ዋጋና ስለ ባትሪ ብዙ አንናገርም፤ ቁልፍ ያለው ስልክ ይረክሳል፥ አንድ ጊዜ ተሞልቶም ቀናት ይቆያል፤ መብራት በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ዕረፍት ለወንድማችን ባለ መስተዋት ስልክ ይዘንለት ሄድን። የፊደሉን ድርድር ጫንንለት፥ በአንድ ቀን ለመደው፤ «ጠ»ንና «ተ»ንም ለይቶ ይጽፋል። አባታችን ደግሞ ሊሞክሩት ተቀበሉን። መስተዋቱ የሚሠራው ጣት ሲነካው በኤሌክትሪኩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እያወቀ ስለ ሆነ፥ በማረሻ የደደረና የደረቀ ቆዳ ሲነካው ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሁለት ሦስት ጊዜ ነኩት፤ «ለ» ሲሉ ዝም አላቸው፥ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት «መ» ወጣ። «ይህ የእናንተ ነው» ብለው መለሱልንና የቀድሞውን የቁልፍ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እርሳቸው ፊደል አንባቢ ናቸው፤ ላቲን አያነቡም። ስልካቸው ደግሞ ላቲን እንጂ ፊደል አያሳይም። ወንድማችን አሁን አጥርቶ የሚጽፈው መልእክት በእርሳቸው ስልክ ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ስለሚታይ፥ ለአባታችን የምንነግራቸው ነገር ሲኖር እስከ ዛሬ የምንደውለው በድምፅ ነው።